አፍንጫን አሟሽቶ መቅመስ፦ የከረመ የጃፓን ሳኬ አመራረጥና አጠጣጥ

ሳኬ ቀምሰው የሚያውቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የቀመሱት አዲሱን ነው፤ እንደ ውሃ የጠራ፣ ቀዝቅዞ የሚቀርብ፣ ሽታው ወደ ሙዝ ወይም ወደ ፖም የሚያደላ፣ ተጠምቆ ብዙ ሳይቆይ የሚጠጣውን። ይህ መመሪያ ስለ ከረመው ነው። ጃፓኖች ኮሹ ይሉታል። 3፣ 5፣ 10፣ አንዳንዴም 30 ዓመት በጠማቂው ቤት ተቀምጦ መልኩ መጀመሪያ ጠጅ፣ እያደር ደግሞ የቀጠነ ቡና የሚመስል የሩዝ መጠጥ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀዳልኝ ጽዋውን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ መልሼ አስቀመጥኩት። "ይህ ነገር ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይሸታል" አልኩ። የጋበዘኝ ሰው ሳቀና "የማን ወጥ ቤት?" አለኝ። ደግሜ አሸተትኩ። የእናቴ ነበር፤ አብሽ እየታመሰ፣ ከጎኑ ስኳር እያረረ።

ናፍቆት ያመጣው ቅዠት እንዳይመስላችሁ። ሶቶሎን የሚባል ውህድ አለ። የአብሽን ሽታ አብሽ የሚያሰኘው በዋናነት እርሱ ነው፤ አብሽ የጠጣ ሰው ላቡ ሳይቀር የሚያሳብቅበትም በእርሱ ምክንያት ነው። ሳኬ ሲከርም በውስጡ የሚፈጠረውና የኮሹን መዓዛ የሚመራው ያው ሶቶሎን ነው። መጠኑ ሲያንስ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ ሲበዛ አብሽ ይሆናል። ብዙ የውጭ አገር ቀማሾች ይህን ሽታ "ካሪ" እያሉ በደፈናው ያልፉታል፤ እኛ ግን ቅመሙን በስሙ እናውቀዋለን። ስለዚህ ሥራውን የምንጀምረው ከመደብር ሳይሆን ከጓዳ ነው።

1. አፍንጫችሁን አሟሹ

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ በደረቅ መጥበሻ ላይ በመጠነኛ እሳት አምሱ። ፍሬው ከወርቃማነት ወደ ቡናማ ሲያደላ ወዲያው አውርዱትና በትንሽ ሳህን ገልብጡት፤ ካረረ ምሬቱ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። በሌላ ድስት ሁለት ማንኪያ ስኳር አቅልጣችሁ ቀላ ሲል አውጡ። በሦስተኛ ሳህን ጥቂት ዘቢብ፣ በአራተኛው የደረቀ እንጉዳይ ካገኛችሁ እርሱን፣ በአምስተኛው ጥቂት ጠብታ የአኩሪ አተር ሶስ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ በአንድ አሽቱ፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉን አዛብታችሁ ድገሙት።

ኮሹ ውስጥ እነዚህ ሽታዎች ተደራርበው ስለሚመጡ፣ ለየብቻቸው ያልለያቸው ሰው "አሮጌ ነገር ይሸታል" ብሎ ይቀራል። ይህን ልምምድ ከቅምሻው አንድ ቀን በፊት አድርጉት። በዚያው ሰዓት ካደረጋችሁት የታመሰው አብሽ ቤቱን ሞልቶ ከጽዋው የሚመጣውን ሽታ ከአየሩ መለየት ያቅታችኋል።

2. ጽሑፉን በቅርጹ አንብቡ

ጃፓንኛ ማንበብ አያስፈልግም፤ ሁለት ምልክቶችን መለየት ይበቃል። የመጀመሪያው ምልክት ከላይ መስቀል፣ ከሥሩ ሳጥን ነው። ትርጉሙ "አሮጌ" ነው። ሁለተኛው በስተግራ ሦስት ጠብታዎች የሚመስሉ ጭረቶች አሉት፤ በስተቀኝ ያለው አካል ጥንት የማሰሮ ሥዕል ነበር። ትርጉሙ "መጠጥ" ነው። መስቀል፣ ሳጥን፣ ጠብታዎች፣ ማሰሮ፦ ኮሹ ማለት ይኸው ነው። ቁጥሩም እንዲሁ ቀላል ነው። ሦስት አግድም መስመሮች 3 ናቸው፤ ብቻውን የቆመ መስቀል 10 ነው፤ ሁለት መስመሮችና መስቀል 20።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኦኪናዋ ደሴቶች አዋሞሪ የሚባል ከሩዝ የሚወጣ አረቄ አላቸው። እርሱም 3 ዓመት ሲሞላው በእነዚያው ሁለት ምልክቶች ይጻፋል፤ አነባበቡ ግን ኩሱ ነው። ጥሩ መጠጥ ነው፣ ግን ሌላ መጠጥ ነው። መለያው የአልኮል መጠኑ ነው፦ ሳኬ ከ15 እስከ 20 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል፤ አዋሞሪ 30 ወይም 43 የሚል ቁጥር ይዞ ይገኛል።

ቀጥሎ ዓመቱን ፈልጉ። በጠርሙሱ ላይ ቀን ታትሞ ብታገኙ አብዛኛውን ጊዜ መጠጡ ታሽጎ የወጣበት ቀን ነው፤ የተጠመቀበትም፣ የሚበላሽበትም አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ወር የታተመ ቀን ያለው ጠርሙስ የ15 ዓመት ሳኬ ሊይዝ ይችላል። የተጠመቀበት ዘመን ሲገለጽ ቢ እና ዋይ ከሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጋር ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ የጃፓን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። ሾዋ ከሆነ 1925 ደምሩበት፣ ሄይሴይ ከሆነ 1988፣ ሬይዋ ከሆነ 2018። ሄይሴይ 20 ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2008 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ዕድሜ ልኩን 7 እና 8 ሲደምርና ሲቀንስ ለኖረ ሰው ይህ ሒሳብ አያስቸግርም። የዘመኑ ስም ካልተጻፈና ቁጥሩ 3 ብቻ ከሆነ የሄይሴይ ወይም የሬይዋ ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው 30 ዓመት አለ፤ ይህን ዋጋው ይነግራችኋል። የጠመቃ ዓመቱ ከጁላይ 1 ጀምሮ እስከ ጁን 30 የሚቆጠር መሆኑንም አትርሱ።

"ኮሹ" የሚለው ቃል በራሱ ጥብቅ ዋስትና አይደለም። በጠማቂዎች የዕለት ተዕለት አነጋገር አምና የተጠመቀው ሁሉ ኮሹ ነው። በ1985 የተቋቋመው የጠማቂዎች ማኅበር ግን ጁኩሴይ ኮሹ የሚለውን ስም የሚሰጠው ስኳር ሳይጨመርበት በጠማቂው ቤት ቢያንስ 3 ዓመት ለከረመ ሳኬ ብቻ ነው። እናንተም በዚህ ሚዛን ግዙ።

3. ዓይነቱን ምረጡ

ሦስት ዓይነት አለ። ኖጁኩ የሚባለው ብዙ ካልተፈተገ ሩዝ ተጠምቆ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ከክረምትና ከበጋ ጋር እየሞቀና እየቀዘቀዘ የከረመ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አብሽ አብሽ የሚል። ታንጁኩ እምብርቱ ብቻ እስኪቀር ከተፈተገ ሩዝ ተጠምቆ በቅዝቃዜ የከረመ ነው፤ ቀለሙ ገረጣ ያለ፣ ጠባዩ ዝምተኛ። ቹካን በሁለቱ መካከል ነው።

ልዩነቱ ከፍትጉ ይመጣል። የሩዝ ፕሮቲን የሚበዛው በውጪው አካል ላይ ነው። ሩዙ ብዙ ካልተፈተገ ፕሮቲኑ በጠመቃ ጊዜ ወደ አሚኖ አሲድ ይለወጣል፤ አሚኖ አሲዱም ከስኳሩ ጋር ዓመታት በፈጀ ዝግታ እየተዋሐደ መጠጡን ያጠቁረዋል። ቡና ሲቆላ፣ የዳቦ ቅርፊት ሲቀላ የሚሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ ቡናው በደቂቃዎች፣ ሳኬው በ10 ዓመት መቆላቱ ነው።

ለመጀመሪያ ጠርሙስ ኖጁኩን እመክራለሁ። ብዙ ሰው "ቀለል ካለው ልጀምር" ብሎ ታንጁኩ ይገዛና አዲስ ሳኬ ይሁን የከረመ ሳይለይ ጠርሙሱ ያልቃል። በጊፉ ከተማ ያለው የሺራኪ ጠማቂ ቤት ዳሩማ ማሳሙኔ በሚል ስም የ3፣ የ5 እና የ10 ዓመት ኮሹ ያወጣል። ሦስቱን አሰልፎ መቅመስ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። ጣፋጭ ለሚወድ ደግሞ ኪጆሹ አለ፤ በ1973 በጃፓን ብሔራዊ የጠመቃ ምርምር ተቋም የተቀመመ አሠራር ሲሆን ከጥንስሱ ውሃ በከፊል ፋንታ የሚጨመረው ራሱ ሳኬ ነው። በሂሮሺማ ግዛት ኩሬ ከተማ ያለው የኤኖኪ ጠማቂ ቤት ሀናሃቶ የተባለው የ8 ዓመት ኪጆሹ ዘቢብና ተምር አብረው የተቀቀሉበትን ውሃ ያስታውሰኛል።

ኮሹ በመደርደሪያ ላይ ብዙም የማይገኘው ታሪክ ስላለው ነው። በ1697 የታተመ የጃፓን የምግብ መጽሐፍ 3፣ 4፣ 5 ዓመት የቆየው ሳኬ ጣዕሙ የወፈረ፣ መዓዛው ያማረ፣ ከሁሉም የሚበልጥ መሆኑን ጽፏል። በኋላ በሜጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912) መንግሥት ቀረጡን የጣለው በተሸጠው ሳይሆን በተጠመቀው ልክ ሆነ። ሳይሸጥ ቀረጥ የተከፈለበትን መጠጥ ለ5 ዓመት ጋን ውስጥ የሚያስቀምጥ ነጋዴ የት ይገኛል? በ1944 ቀረጡ መጠጡ ከግቢ ሲወጣ የሚከፈል ሆነ፤ ነገር ግን ልማዱ ጠፍቶ ነበር። የሺራኪ ቤት እንደገና ማስከረም የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ስትገዙ የጠርሙሱን ቦታም ተመልከቱ። አንድ ጊዜ በመስኮት አጠገብ፣ ከመብራት ሥር የተደረደረ ነጭ ጠርሙስ ገዛሁ፤ መልኩ ወርቅ ነበር፣ ስለዚህ የከረመ መስሎኝ ተደሰትኩ። ቤት ስከፍተው የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ያ ቀለም የዕድሜ ሳይሆን የብርሃን ሥራ ነበር። ከጨለማ መደርደሪያ፣ ከቡናማ ጠርሙስ ወይም ከካርቶን ውስጥ ግዙ።

4. ቅዱ፣ ተመልከቱ፣ ቆዩ፣ ቅመሱ

ትንሿን የሳኬ ስኒ ለጊዜው ተዋት። አፏ ጠበብ፣ ሆዷ ሰፋ ያለ የወይን ብርጭቆ ውሰዱና 50 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ቅዱ። መጠጡ የክፍሉ ሙቀት ይኑረው፤ 18 ወይም 20 ዲግሪ መልካም ነው። ቀዝቃዛ ኮሹ አፉን እንደዘጋ እንግዳ ነው።

ብርጭቆውን በነጭ ሳህን ላይ አዘንብላችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። መካከሉ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ወደ ወርቅ ወይም ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል። በጠርሙሱ ግርጌ ዝቃጭ ብታዩ አትደንግጡ፤ በክረማት የሚወርድ ነው፣ ጉዳትም የለውም። ጠርሙሱን ሳትነቀንቁ ቀስ ብላችሁ ቅዱ።

አሁን አሽቱ፣ ግን አትጠጡ። የመጀመሪያው ሽታ አብዛኛውን ጊዜ የአኩሪ አተር ሶስና የእንጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚሁ ነው። ብርጭቆውን አስቀምጡና 10 ደቂቃ ተጫወቱ። ስትመለሱ ሶሱ ወደ ኋላ ብሎ የተቃጠለ ስኳር፣ ዘቢብ፣ የደረቀ በለስ ወደ ፊት ይመጣል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ አንዳንዱ ቀረፋና ካካዎ ያሳያል። አብሹ በመካከል ቦታ አለው፤ እኔ የማገኘው ሽታው ሊጠፋ ሲል፣ ከማር ቀጥሎ ነው።

ስትቀምሱ ትንሽ ጉንጭ ውሰዱና ምላስ ላይ ተዉት። ሽታው ጣፋጭ ስለሆነ ጣዕሙም እንደ ሽሮፕ ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ በምትኩ ጎምዘዝ ያለ፣ የሥጋ መረቅ የሚመስል ጥልቀት ያለው ነገር ይገጥማችኋል። ከዋጣችሁ በኋላ ቁጠሩ። ደህና ኮሹ 20 እስክትቆጥሩ ድረስ ከጉሮሮ አይወርድም። በየመካከሉ ውሃ ጠጡ፤ ጃፓኖች ከሳኬ ጎን ለሚቀርበው ውሃ ያዋራጊ ሚዙ የሚል ስም ሰጥተውታል፣ "የሚያለዝብ ውሃ" እንደማለት ነው።

የተበላሸውንስ በምን እንለየዋለን? የቆየ ሁሉ ከርሟል ማለት አይደለም። በጨው ተዘፍዝፎ የሰነበተ ፍጅል፣ ወይም ሲቀቀል የዋለ ጥቅል ጎመን የሚሸት ከሆነ ጃፓኖች ሂኔካ የሚሉት ነውር ነው፤ ዲሜቲል ትራይሰልፋይድ ከተባለ የድኝ ውህድ ይመጣል። ትንሽ ሲሆን ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይታለፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ጎመኑ ብቻውን ከቆመ ግን ለመጠጥ አትድከሙ፤ ለሥጋ መዘፍዘፊያ አድርጉት።

5. አሞቁት

ኮሹ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ሲሞቅ ነው፤ ይህ የእኔ አቋም ነው፣ ታንጁኩን ግን አያካትትም። ኖጁኩውን ቶኩሪ በሚባለው አንገተ ቀጭን የሸክላ ዕቃ ቅዱት፤ ከሌለ ሙቀት የሚችል ትንሽ ማሰሮም ይሆናል። በድስት ውሃ አፍሉና እሳቱን አጥፉ። ዕቃውን ውሃው እስከ ትከሻው እንዲደርስ አድርጋችሁ አስገቡ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ ከሥሩ በጣታችሁ ዳብሱ፤ ለብ ካለ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኑሩካን ይሉታል። ሞቅ ካለ 45 ደርሷል፣ ጆካን ነው። ከ50 አታሳልፉት፤ ከዚያ በላይ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ።

በ40 ዲግሪ አብሹና ማሩ አብረው ይነሣሉ፣ ጎምዛዛው ይለዝባል። ከዚያ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ደግማችሁ ቅመሱት፤ ሞቆ የበረደው አንዳንዴ ከሁሉም ይጣፍጣል።

6. ከምን ጋር?

ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ የተጠበሰ ለውዝ፣ በጣፋጭ ሶስ ተቀብቶ የተጠበሰው የጃፓኖች ኡናጊ፣ ማለትም እባብ መሰል ዓሣ። ኪጆሹውን በቫኒላ አይስክሬም ላይ አንድ ማንኪያ አፍስሱ። ከእኛ ማዕድ በርበሬ የበዛበት ወጥ ኮሹን ይገድለዋል፤ ሞክሬ ተቆጭቻለሁ። በአብሽ የተነጠረ ቅቤ የገባበት የበግ አልጫ ግን ይስማማዋል፤ አብሹ ከአብሽ ጋር ይገናኛል።

የተከፈተ ኖጁኩ ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቦታ ሳምንታት ይቆያል፤ እንዲያውም በሳምንቱ የሚሻለው ብዙ ነው። ታንጁኩን ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጉትና ቶሎ ጨርሱት።

7. በቤታችሁ አስከርሙ

ይህን የምትጀምሩት ቢያንስ ሁለት ሦስት የጠማቂ ኮሹዎችን ከቀመሳችሁ በኋላ ይሁን፤ ወዴት እንደምትሄዱ ሳታውቁ መንገድ አትጀምሩ።

ፓስቸራይዝ የተደረገ ሳኬ ምረጡ። ናማ የሚባለው ያልተደረገው ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጋዝ ያለበትም፣ ደፍራሹም አይሆንም። ጁንማይ የሚባለው፣ ማለትም አልኮል ሳይጨመርበት ከሩዝና ከኮጂ ሻጋታ ብቻ የተጠመቀው፣ በተለይ ኪሞቶ ወይም ያማሃይ በሚባለው ባህላዊ አጠናነስ ከተሠራ፣ አሲዱና አሚኖ አሲዱ ስለሚበዛ ዕድሜን ይችላል። ከተጠመቀ በኋላ ውሃ ያልተጨመረበት ጌንሹ ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

አንድ ጠርሙስ አትግዙ፣ አራት ግዙ። አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፤ እርሱ መመሳከሪያ ነው። ሦስቱን እያንዳንዳቸውን በሁለት ድርብ ጋዜጣ ጠቅልሉና በካርቶን አቁሙ። አታጋድሙ፤ ክዳኑ እንደ ወይን ቡሽ መርጠብ አያስፈልገውም፣ ብረቱም መጠጡን ባይነካ ይሻላል። ካርቶኑን ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከሙቀት መስጫ ርቆ በቁም ሣጥን ግርጌ አኑሩት። በየጠርሙሱ ላይ የጠማቂውን ስም፣ የገዛችሁበትን ወርና ስንት ጊዜ ቤት እንደቀየራችሁ ሳይቀር ጻፉ።

በየዓመቱ አንዱን ክፈቱ። የመጀመሪያው ዓመት ሊያሳዝናችሁ ይችላል፤ አዲስነቱ ሄዷል፣ ክረማቱ ገና አልመጣም፣ በመካከል ቆሞ ጎመን ቢጤ ሊሸት ይችላል። ያኔ የቀሩትን ሁለቱን ተናዳችሁ አትክፈቱ። ሦስተኛውን ስትከፍቱ ከማቀዝቀዣው ጠርሙስ ጋር በሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ቅዱ፤ ከፊት ለፊታችሁም ያችን የታመሰ አብሽ የያዘች ሳህን አኑሩ።